በጎንደር የሥራ ቦታዎች የማስጠንቀቂያ መብራት አመራረጥና አተካከል

በጎንደርና በአካባቢዋ ባሉ የዱቄት ፋብሪካዎች፣ የሰሊጥ ማበጠሪያ መጋዘኖችና የእንጨት ሥራ ቤቶች ማሽኑ ከተነሣ ሰው ለሰው መደማመጥ ስለማይቻል፣ አደጋን በድምፅ ብቻ ማስታወቅ አይበቃም። መብራት ሲገዙ ብዙዎች የሚጠይቁት ዋቱን ነው፤ ዋት ግን መብራቱ የሚወስደውን ኃይል እንጂ ዓይን የሚያገኘውን ብርሃን አይናገርም። መጠየቅ ያለበት ካንዴላው፣ ማለትም ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ምን ያህል በርትቶ እንደሚወጣ የሚያሳየው መለኪያ ነው።

በመቀጠል ከመብራቱ እስከ ሠራተኛው ያለውን ርቀት ይለኩ። ብርሃን ከምንጩ በራቀ ቁጥር በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚዘረጋ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። 100 ካንዴላ ያለው መብራት በ10 ሜትር 1 ሉክስ (ሉክስ በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው) ሲሰጥ፣ በ20 ሜትር የሚሰጠው 0.25 ሉክስ ብቻ ነው። ስለዚህ ለረጅም መጋዘን ከአንድ ትልቅ መብራት ይልቅ በየቦታው የተከፋፈሉ ትንንሾች ይሻላሉ።

ከባዱ ሥራ ያለው ከቤት ውጭ፣ በመጫኛና በማራገፊያ ግቢ ነው። የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ያህል ታበራለች፤ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተሠራች ከተማ የበጋው ፀሐይ እንዴት እንደሚያጥበረብር ነዋሪው ያውቀዋል። ከዚህም በላይ ጠዋትና ማታ ዝቅ ያለች ፀሐይ በባለቀለሙ ሽፋን ላይ በቀጥታ ስታርፍ የጠፋው መብራት የበራ ይመስላል፤ ይህ ደግሞ ከደካማ መብራት የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ሠራተኛው ምልክቱን ማመን ያቆማል። መብራቱን ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም አያዙሩት፤ ከላዩ ጥላ፣ ከኋላው ጥቁር ቀለም የተቀባ ሰሌዳ ያድርጉለት።

ስለ ቀለም ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን የደነገገው ግልጽ ነው፦ ቀይ ለአደጋ፣ ቢጫ ላልተለመደ ሁኔታ፣ አረንጓዴ ለደኅና ሥራ፣ ሰማያዊ ሠራተኛው የግድ ሊፈጽመው ለሚገባ ተግባር። የዓይን ነገር ግን ከድንጋጌው ይሰፋል። በቀን ብርሃን ዓይናችን አብልጦ የሚቀበለው የሞገድ ርዝመቱ 555 ናኖ ሜትር ገደማ የሆነውን አረንጓዴ ቢጫ ብርሃን ሲሆን፣ ሲጨልም ይህ ወደ 507 ናኖ ሜትር ይወርዳል፤ በዚህም ምክንያት ቀይ በምሽት ይደበዝዛል። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች፣ በተለይም ወንዶች፣ ጥቂት ስላልሆኑ ቀዩን ሁልጊዜ ከላይ፣ አረንጓዴውን ከታች ያድርጉ። በነጭ አምፖል ላይ ቀይ ሽፋን መግጠምም አይመከርም፤ ሽፋኑ አብዛኛውን ብርሃን ውጦ ያስቀረዋልና። ራሱ ቀይ የሚያመነጭ ኤልኢዲ ይግዙ።

ለአደጋ የተመደበው መብራት ብልጭ ድርግም ይበል፤ የዓይን ጠርዝ ከቀለም ይልቅ ለውጥን ቶሎ ይይዛል። በሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በቂ ነው። ከሦስት ጊዜ በላይ የሚፈጥን ብልጭታ የሚጥል በሽታ ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ሁለት መብራቶች በአንድ ጊዜ ብልጭ ካላሉም ብልጭታው ተደምሮ ይፈጥናል።

አቧራ ባለበት ቦታ ቢያንስ አይፒ65 (አቧራ እንደማያስገባና የሚረጭ ውኃ እንደሚቋቋም የሚያሳይ ምልክት) የተጻፈበትን ይምረጡ፣ ሽፋኑንም በየጊዜው ይወልውሉ። በአየር ላይ የተበተነ የዱቄት ብናኝ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ብናኝ በሚበዛበት ክፍል ፍንዳታ ሊነሣ ለሚችልበት አካባቢ ተብሎ ከተሠራው በስተቀር ሌላ መብራት አይግጠሙ፤ በዚህ ላይ ዋጋ መቆጠብ አይገባም።

መብራት በሚቋረጥባት ከተማ የመጨረሻው ጥንቃቄ ኃይል ሲጠፋ የማስጠንቀቂያ መብራቱን የሚያቆይ ባትሪ ነው። ኃይል ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ማገጃ ይግጠም፤ ማስነሻው ሲጫንም ቢጫው መብራት ቀድሞ ጥቂት ሰከንዶች ብልጭ እንዲል፣ ማሽኑም ከዚያ በኋላ ብቻ እንዲዞር ያድርግ።