በሬዲስ ካሽ ውስጥ ጊዜያቸው ያለፈ ቁልፎችን አያያዝ

ሬዲስ (Redis) መረጃን በሜሞሪ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር ነው፤ ብዙ ጊዜ እንደ ካሽ፣ ማለትም ከዳታቤዝ የመጣን መረጃ ለጊዜው ይዞ በፍጥነት እንደሚመልስ ማከማቻ፣ ያገለግላል። በሬዲስ ለአንድ ቁልፍ (መረጃው ለሚቀመጥበት ስም) የቆይታ ጊዜ ስለተሰጠው ብቻ፣ ጊዜው ባለቀባት ቅጽበት ከሜሞሪ ይወጣል ማለት አይደለም። ቁልፉ የሚሰረዘው አንድም ፕሮግራም ሊያነበው ሲመጣ ሰርቨሩ ጊዜው ማለፉን አይቶ ሲያስወግደው ነው፤ አለዚያም ሰርቨሩ ራሱ፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ በሰከንድ 10 ጊዜ፣ የቆይታ ጊዜ ካላቸው ቁልፎች ጥቂቱን እየፈተሸ ያለፈባቸውን ሲያጠፋ ነው። ስለዚህ ማንም የማይጠይቀው ቁልፍ ጊዜው ካለፈም በኋላ ሜሞሪ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሜሞሪ ያለምክንያት የሞላ ሲመስል በቅድሚያ ቁልፎቹን የቀራቸውን ጊዜ በሚያሳየው በ«ቲቲኤል» (TTL) ትዕዛዝ ይመርምሩ። መልሱ -2 ከሆነ ቁልፉ የለም፤ -1 ከሆነ ግን ቁልፉ አለ፣ የቆይታ ጊዜ ግን የለውም። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ለ600 ሰከንድ እንዲቆይ የተቀመጠን የዕቃ ዋጋ መረጃ በሚጽፈው በተራ የ«ሴት» (SET) ትዕዛዝ እንደገና ቢጽፉበት፣ ዋጋው ይታደሳል፣ የቆይታ ጊዜው ግን ይሰረዛል። በጻፉ ቁጥር ጊዜውን በ«ኢኤክስ» (EX፣ ቆይታን በሰከንድ የሚወስን የ«ሴት» አማራጭ) እንደገና መስጠት፣ ወይም ከ6.0 ስሪት ጀምሮ የነበረውን ጊዜ በ«ኪፕቲቲኤል» (KEEPTTL) አማራጭ ማስቀጠል ያስፈልጋል።

ከዚህ የከፋው ችግር ብዙ ሰው የሚያነበው ቁልፍ ጊዜው ሲያልፍ የሚፈጠረው ግርግር ነው፤ ጥያቄዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ዳታቤዙ ይጎርፋሉ። ባንድ ላይ የተጫኑ ቁልፎች ባንድ ላይ እንዳያልቁ፣ በ600 ሰከንዱ ላይ ከ0 እስከ 60 የሚደርስ የዘፈቀደ ቁጥር ይጨምሩበት። እጅግ ለሚፈለግ ቁልፍ ግን ይህ አይበቃም። ሬዲስ ጊዜው ያለፈበትን ዋጋ (በቁልፉ ሥር የተቀመጠውን መረጃ) ለጠያቂ ስለማይሰጥ፣ የሚታደስበትን ሰዓት በዋጋው ውስጥ ጽፈው ለቁልፉ ራሱ ከዚያ የረዘመ ቆይታ ይስጡት። የእድሳቱ ሰዓት ሲደርስ በ«ሴት» ላይ «ኤንኤክስ» (NX፣ ቁልፉ ከሌለ ብቻ የሚጽፍ አማራጭ) እና «ኢኤክስ» ጨምሮ አጭር ቆይታ ያለው የመቆለፊያ ምልክት መጻፍ የቻለው አንድ ፕሮግራም ብቻ አዲሱን ዋጋ ከዳታቤዝ ያመጣል፤ ሌሎቹ እስከዚያው አሮጌውን ያነባሉ። ለባንክ ሒሳብ ቀሪ ይህን አልመክርም፤ ለዜና ገጽ ወይም ለዕቃ ዝርዝር ግን የጥቂት ሰከንድ መዘግየት ማንንም አይጎዳም።

ሬዲስ ስለ ቁልፎች ማለቅ የሚልከውን ማሳወቂያ እንደ ደወል አድርጎ ሥራ ማስጀመርም አይገባም፤ ማሳወቂያው የሚወጣው ቁልፉ በተግባር ሲሰረዝ እንጂ የተሰጠው ጊዜ ዜሮ ሲገባ አይደለም፣ በዚያች ሰዓት ግንኙነቱ የተቋረጠበት ተቀባይ ደግሞ መልእክቱን ኋላ አያገኘውም።