ለባሮሳ ተጓዦች፦ ወይኑና አይቡ መኪና ውስጥ እንዳይበላሹ

የወይን ጠጅ መቅመሻ በሆነው በደቡብ አውስትራሊያ ባሮሳ ሸለቆ ታኅሣሥና ጥር በጋ ነው፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። በሸለቆው በአንጋስተን ከተማ የቅዳሜ ጠዋት የገበሬዎች ገበያ የገዛችሁት አይብ ይቀልጣል፣ ወይኑም በቆመ መኪና ውስጥ ጣዕሙን ያጣል። ማታ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ውኃ ሞልታችሁ (ውኃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ከአፋቸው ትንሽ አጉድሉ) በረዶ እስኪሆኑ አቀዝቅዙ። ጠዋት ክዳን ባለው የፎም ሣጥን ውስጥ ከአይቡና ከወይኑ ጋር ክተቷቸው። ትልቅ በረዶ ቀስ ብሎ ይቀልጣል፣ ጠርሙስ ውስጥ ስለሆነም ሣጥኑን አያረጥብም፤ የቀለጠው ውኃ በወይን ቅምሻ መካከል ይጠጣል። ቀዩን ወይን ግን በፎጣ ጠቅልሉት፣ ከመጠን በላይ መቀዝቀዝ አይስማማውም። ለሾፌሩ ብልሃት የለኝም፦ ሙሉ መንጃ ፈቃድ ላለው እንኳን በደም ውስጥ ያለው አልኮል 0.05 በመቶ መድረስ የለበትም፤ ወይኑን ቀምሶ ይትፋው።