ፒኤችዲ ስትፈልጉ እንደ ሥራ ፈልጉት

ማስተርሴን ባሕር ዳር እንደጨረስኩ አንድ ዓይነት ኢሜይል ለ60 ፕሮፌሰሮች ላክሁ። ስማቸውን እንኳ አይጠራም፤ "ክቡር ፕሮፌሰር" ብሎ ይጀምራል። መልስ የሰጡኝ ሁለት ብቻ ነበሩ። ሁለቱም "በጀት የለኝም" አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ እኔ ስኮላርሺፕ ስለምናቸው እነሱ ሠራተኛ ይፈልጉ ነበር።

በስዊድን፣ በኖርዌይና በኔዘርላንድስ አብዛኛው የዶክትሬት ቦታ ደመወዝ ያለው ሥራ ነው። የተቀጠረ ሰው የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ የውጭ ዜጋም ይወዳደራል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲዎቹን የክፍት ሥራ ገጽ ተመልከቱ። ለኔዘርላንድስ አካዳሚክ ትራንስፈር፣ ለኖርዌይ ጆብኖርጅ፣ ለመላው አውሮፓ ዩራክሴስ የሚባሉ የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጾች አሉ። እኔ ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት አያቸው ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚሰጣቸውን የማሪ ኪዩሪ የዶክትሬት ቦታዎችንም አትለፏቸው። ከቅጥሩ በፊት ባሉት 36 ወራት በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ የኖረን ሰው አይቀበሉም። አገር ቤት ላለን ሰዎች ይሄ ጥሩ ነው። ጀርመን ግን ብዙ ጊዜ አማካሪውን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ታሳምናላችሁ።

ማስታወቂያው ሲገኝ ዋናው ሥራ ይጀመራል። አትሙትና የጠየቀውን እያንዳንዱን ነገር አስምሩበት። ከዚያ ለየመስመሩ ማስረጃ ጻፉ። እኔ ያመለከትኩበት ቦታ የአፈር መሸርሸርን የሚያጠና ነበር፤ ጂአይኤስ (በኮምፒውተር የካርታ መረጃ መተንተን) እና የመስክ ልምድ ይጠይቃል። "ታታሪ ነኝ" የሚለውን አውጥቼ "በጣና ተፋሰስ ሁለት ክረምት የደለል ናሙና ሰብስቤያለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ኢንተርቪው ላይ ግማሹ ጥያቄ ከዚህ ወጣ። ጎርፍ መለኪያችንን ሲወስደው ምን እንዳደረግን፣ የጎደለውን ዳታ እንዴት እንደያዝን ጠየቁኝ። ያየሁትን ስለሆነ የምናገረው አልተንተባተብኩም። እናንተም ቴሲሳችሁን እንደዚህ በርብሩት። የተበላሸው ነገርና ያስተካከላችሁበት መንገድ ከውጤቱ እኩል ይጠቅማል።

ሪከመንዴሽን ላይ ተጎድቻለሁ። አንድ መምህሬ "እሺ" ብለውኝ ደብዳቤው ሳይላክ ዴድላይኑ አለፈ። ያ ቦታ እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን የምመክረው ይሄንን ነው፦ ከአንድ ወር በፊት ጠይቁ፣ ማስታወቂያውንና ሲቪያችሁን አብራችሁ ስጡ፣ ሳምንት ሲቀረው ደውሉ። ተጠባባቂ የሚሆን ሦስተኛ ሰውም ያዙ።

ትራንስክሪፕት ማስታወቂያ ሳትጠብቁ አስወጡ፤ ሬጅስትራር ቀን ይፈጃል። ስማችሁ በፓስፖርትና በዲግሪ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉን እዩ። አንዱ ላይ በአንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ በሁለት ከሆነ ቀድማችሁ አስተካክሉ። ቦታ አስገኝላችኋለሁ ብሎ ብር ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ሰባራ ሳንቲም አትስጡ።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። ማስታወቂያው በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት 23፡59 ካለ፣ በእኛ አቆጣጠር በእነሱ የብርድ ወራት ከሌሊቱ 7፡59፣ በበጋቸው ደግሞ 6፡59 ነው። እኔ እስከዚያ አልጠብቅም ነበር። ኔትወርክ ሊሄድ ስለሚችል ከሁለት ቀን በፊት እልክና "ማመልከቻዎ ደርሶናል" የሚለው ኢሜይል እስኪመጣ ላፕቶፑን አልዘጋም።