ከዱር እንስሳትና ከዕፅዋት የተገኘ መድኃኒትን ከመውሰድ በፊት እንዴት መመርመር ይገባል?

ለሕመምዎ ይረዳል የተባለ ቀንድ፣ ሐሞት ወይም ቅጠል ሲቀርብልዎ፣ በመጀመሪያ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ምን እንደሆነ ይጠይቁ። የአውራሪስ ቀንድና የፓንጎሊን (ሰውነቱ በቅርፊት የተሸፈነ ጉንዳን በል እንስሳ) ቅርፊት የተሠሩት ከኬራቲን፣ ማለትም ጥፍራችንና ፀጉራችን ከተሠሩበት ፕሮቲን ስለሆነ፣ ተፈጭተው ቢጠጡ የራስን ጥፍር ከመዋጥ የተለየ ጥቅም አይሰጡም። ለዚህ ከንቱ ዱቄት ሲባል እንስሳቱ እስከ መጥፋት መታደናቸው እጅግ ያሳዝናል።

ንጥረ ነገሩ በእርግጥ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ እንስሳው ሳይነካ ከመድኃኒት ቤት ማግኘት ይቻል እንደሆነ ያጣሩ። በድብ ሐሞት ውስጥ የሚገኘው ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ አንዳንድ የሐሞት ጠጠሮችን የሚያሟሟና ለተወሰኑ የጉበት ሕመሞች የሚታዘዝ እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ዛሬ ግን ከከብት ሐሞት በፋብሪካ ተዘጋጅቶና መጠኑ ተለክቶ ስለሚገኝ፣ ድብን በጠባብ የብረት ፍርግርግ ቆልፎ ሐሞቱን መቅዳት በምንም መንገድ ሊደገፍ አይገባውም። ለደም ግፊት የሚታዘዘው ካፕቶፕሪልም የተቀመረው ጃራራካ በተባለ የብራዚል እባብ መርዝ ላይ ከተደረገ ምርምር ተነሥቶ ቢሆንም፣ ክኒኑን ለማምረት አንድም እባብ አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሚመረመረው አዘገጃጀቱ ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ ለወባ የሚሆነውን አርቴሚሲኒን ከአርቴሚሲያ ቅጠል ለማውጣት ስትሞክር ከፍተኛ ሙቀት ፍቱን ኃይሉን እንደሚያጠፋው ተረድታ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ኤተር በተባለ በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ ማውጣት ቻለች፤ ለዚህም ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷታል። የዓለም ጤና ድርጅት ቅጠሉን በሻይ ወይም በዱቄት መልክ ለወባ መጠቀምን አይመክርም፤ ምክንያቱም የመድኃኒቱ መጠን ከቅጠል ቅጠል ይለያያል፣ ያነሰ መጠን ደግሞ በሽተኛውን ሳያድን ተውሳኩን ከመድኃኒቱ ጋር ሊያለማምድ ይችላል።

ሕያው እንስሳው ራሱ የሚፈለግበት ጊዜም አለ። ሐኪሞች የተቆረጠ ጣት መልሰው ከሰፉ በኋላ የሚጠራቀመውን ደም ለማስወገድ አልቅት ይጠቀማሉ፤ ይሁን እንጂ ኤሮሞናስ የተባለው በአልቅት ሆድ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ቁስልን ስለሚያመረቅዝ፣ ለሕክምና ተብሎ የረባ አልቅት ሲጠቀሙ እንኳ አንቲባዮቲክ አብረው ይሰጣሉ። ስለዚህ ከኩሬ የተያዘ አልቅት በቤትዎ አይሞክሩ። ለቁስል የሚውለው ማርም በጋማ ጨረር ከጀርም የጸዳው ነው፤ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል ማር ፈጽሞ አይሰጥም።

ከዕፅዋት የተገኘ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለትም አይደለም፤ አሪስቶሎኪያ በተባሉት ዕፅዋት ውስጥ ያለው አሲድ ኩላሊትን ያበላሻል፣ በሽንት ቧንቧም ላይ ካንሰር ያስከትላል፤ ጉዳቱም ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ስለሆነም የወሰዱትን ማንኛውንም ነገር ለሐኪምዎ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትዎ ከቀነሰ ወዲያውኑ ያቁሙና የተረፈውን ከነመያዣው ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።