ታንኩ ይግላል፣ ከቧንቧው የሚመጣው ግን ለብ ያለ ውሃ ነው

የካምፐራችን (እንደ ቤት የምንኖርበት መኪና) የውሃ ማሞቂያ በጋዝም በኤሌክትሪክም ይሠራል። በየትኛውም ብናበራው ግን ውሃው ለብ ከማለት አያልፍም ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሬዚስታንሱን (ውሃውን በኤሌክትሪክ የሚያሞቀውን ብረት) ነው። ኤሌክትሪኩን ነቅዬ፣ ሽቦዎቹን ፈትቼ በመልቲሜትር ለካሁት። 10 ኦም ገደማ አነበበ፤ ለ120 ቮልትና ለ1,440 ዋት ልክ ነው። ቴርሞስታት ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። በጋዝ ሞከርኩ። ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፣ አነዳዱም ደህና፤ ውሃው ግን ያው።

ሁለት የተለያዩ የሙቀት ምንጮች እኩል ይሰንፋሉ ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ማሞቂያውን ትቼ ቧንቧዎቹን መዳሰስ ጀመርኩ። ከታንኩ የሚወጣው ቧንቧ እጅ አያስነካም፤ ትንሽ ራቅ ሲል ለብ ብሏል። መሃል ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እየገባ ነው ማለት ነው።

ባይፓስ ቫልቩ (ቀዝቃዛውን ውሃ ታንኩን አሳልፎ በቀጥታ ወደ ሙቁ መስመር የሚያስገባው መክፈቻ) በትክክል ተዘግቷል። ጉዱ የተገኘው የውጪው ሻወር ላይ ነው። የሙቁም የቀዝቃዛውም መክፈቻ ክፍት ሆኖ፣ ውሃውን የያዘችው እጀታው ላይ ያለችው ትንሽ ማቆሚያ ብቻ ነች። ጠብ የሚል ነገር ስለሌለ ማንም አይጠረጥረውም። ውስጥ ለውስጥ ግን ቀዝቃዛው ወደ ሙቁ መስመር ይሻገራል። ሁለቱንም መክፈቻዎች ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። የሚያቃጥል ውሃ መጣ! የድሮው ቴርሞስታት መለዋወጫ ሆኖ ተቀመጠ።

የውጪ ሻወር ከሌላችሁ ባይፓስ ቫልቩን እዩ። በብርድ ወራት ታንኩ ውሃው ሲፈስስ ይከፈትና መልሶ ሲዘጋ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ምልክቱም ያው ነው። ታንኩን ስትሞሉ ደግሞ የሙቅ ውሃው ቧንቧ አየሩን ጨርሶ ቀጥ ብሎ እስኪፈስ ድረስ ኤሌክትሪኩን አታብሩ። ሬዚስታንስ በባዶ ታንክ ወዲያው ነው የሚቃጠለው።