ትልቅ ደመወዝ በለንደን፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለንደን ውስጥ በዓመት 100,000 ፓውንድ የሚከፈለው ሰው ሀብታም ነው ይባላል። ከአብዛኛው ሠራተኛ በእጅጉ ስለሚበልጥ ቢባል አይገርምም። ሆኖም እንዲህ እየተከፈላቸው ወር ሳይሞላ ኪሳቸው ባዶ የሚሆን አሉ። ጥፋቱን ማኪያቶና ሬስቶራንት ላይ ማላከክ ይቀናናል። ገንዘቡን የሚጨርሱት ግን ትልልቆቹ ውሳኔዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት የሥራ ውሉ ላይ በተጻፈው ቁጥር ኑሮን ማቀድ ነው። ከ100,000ው ግብርና ናሽናል ኢንሹራንስ (ለመንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና የሚቆረጠው መዋጮ) ተነስቶ በወር እጅዎ የሚገባው 5,700 ፓውንድ ገደማ ነው። ጡረታ ሲቆረጥ ደግሞ ያንሳል። የቤት ኤጀንቶች ግን የሚያዩት ያልተጣራውን ነው። ብዙዎቹ ዓመታዊ ደመወዝዎ የወር ኪራዩን 30 እጥፍ ከሆነ ይበቃቸዋል። በዚህ ስሌት የ3,300 ፓውንድ ቤት ይፈቀድልዎታል። ከተጣራው ደመወዝ ከግማሽ በላይ ለኪራይ ሄደ ማለት ነው። ካውንስል ታክሱን (ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈለውን የቤት ግብር)፣ መብራቱንና ውሃውን ገና አልነካንም።

ከሁሉም የሚያንገበግበው ግን ከ100,000 በላይ የሚጠብቀው ነገር ነው። ማንም ሠራተኛ የመጀመሪያው 12,570 ፓውንድ ገቢው ከግብር ነፃ ነው። ገቢው ከ100,000 ሲያልፍ ይህ መብት ለእያንዳንዱ 2 ፓውንድ ጭማሪ በ1 ፓውንድ ይቀንሳል። 125,140 ላይ ጨርሶ ይጠፋል። በዚህ መሀል 10,000 ፓውንድ ቦነስ ቢያገኙ 3,800 ብቻ ይተርፍዎታል። ልጅ ላለው ሰው ይብሳል። እንግሊዝ ውስጥ ሁለቱም ወላጆች የሚሠሩ ከሆነ፣ ልጃቸው 9 ወር ከሞላው ጀምሮ ትምህርት ቤት እስኪገባ መንግሥት በትምህርት ሳምንታት በሳምንት የ30 ሰዓት የመዋያ ወጪ ይሸፍናል። ከሁለቱ የአንዱ ገቢ 100,000ን በአንድ ፓውንድ ካለፈ ግን ይህ መብት ይቀራል፤ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች ብቻ 15 ሰዓት ያገኛሉ። ሁለቱም 99,000 የሚያገኙ ባልና ሚስት መብቱ አላቸው። አንዱ 101,000፣ ሌላው 20,000 የሚያገኙት የላቸውም። እኔን ከጠየቁኝ ይህ ፍትሕ አይደለም፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው።

መፍትሔው ቦነሱን እጅዎ ሳይገባ ወደ ጡረታ ማስገባት ነው፤ ገቢዎ የሚለካው ያ ተቀንሶ ነው። የግብር ዓመቱ ኤፕሪል 5 ስለሚዘጋ ቀድመው መሥሪያ ቤትዎን ያነጋግሩ። የጡረታው ገንዘብ ግን እ.ኤ.አ. ከ2028 ጀምሮ 57 ዓመት እስኪሞላዎት አይነካም። መጠባበቂያ የሌለው ሰው ሁሉንም እዚያ አይቆልፍ።

ሌላው ስህተት መሀል ከተማ ካልኖርኩ ማለት ነው። ኤልሳቤጥ መስመር የሚባለው ባቡር በ2022 ከተከፈተ ወዲህ ከከተማው ዳር ካለው አቤይ ዉድ እስከ ባንኮቹ ሰፈር ካናሪ ዎርፍ 11 ደቂቃ ነው። ካውንስል ታክስን ግን ከመሀል መራቅ አይቀንሰውም። መሀል ያለው ዌስትሚንስተር በአገሪቱ ዝቅተኛ ከሚያስከፍሉት አንዱ ሲሆን ዳር ያለው ክሮይደን በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ኪራዩንና ካውንስል ታክሱን ደምረው ያወዳድሩ።

አፓርታማ ሊገዙ ካሰቡ የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ ብቻ አይመልከቱ። አብዛኛው በሊዝ የሚያዝ ስለሆነ የሕንፃው አገልግሎት ክፍያ አለው፤ በየዓመቱም ሊጨምር ይችላል። ያለፉትን ዓመታት ሂሳብ ጠበቃዎ ይጠይቅልዎ።

የኛ ሰው የሚጨምረው አንድ ስህተት አለ፦ ለዘመድ ደመወዝን መናገር። አገር ቤት ያለው ሰው ቁጥሩን ወዲያው በብር ያባዛዋል፤ ኪራዩን ማን ይቀንስልዎታል? መላክ ደግ ነው። ግን ከተጣራው ላይ በየወሩ የተወሰነ መድበው፣ ለድንገተኛ ሕመምና ለለቅሶ የሚሆን ለብቻው ያስቀምጡ።