የጨጓራ ባዮፕሲ ውጤት ግራ ሲያጋባ፦ ክሮንስ ነው ወይስ ሌላ?

አዲስ አበባ ላይ ሆዱን ያመመው ሁሉ "ጨጓራ ነው" ይባላል። ኦሜፕራዞል ይውጣል፣ ካልተሻለው ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን ማየት) ይታዘዝለታል። ጥቁር አንበሳ አካባቢ የባዮፕሲ (ከጨጓራ ተቆንጥሮ የተወሰደ ናሙና ምርመራ) ወረቀት ይዞ ግራ የተጋባ ሰው ማየትም ብርቅ አይደለም። ከሚጠረጠሩት አንዱ ክሮንስ ነው፦ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ማንኛውንም የምግብ መተላለፊያ ክፍል ሊያስቆጣ የሚችል ሥር የሰደደ በሽታ።

ችግር፦ ወረቀቱ "ክሮኒክ ጋስትራይተስ (የቆየ የጨጓራ መቆጣት)፣ ኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ) የለም" ይላል።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው መድኃኒት ነው። ኦሜፕራዞልና አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ስለሚያመናምኑት ናሙናው ላይ ላይታይ ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ጨጓራ ያቆስላሉ። እነዚህ ከሌሉና መቆጣቱ እዚህም እዚያም በጥቂት እጢዎች ዙሪያ ብቻ ከታየ ክሮንስ ይታሰባል። ይታሰባል እንጂ አልተረጋገጠም።

መፍትሄ፦ ሐኪሙ ከፈቀደ ኦሜፕራዞል 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ 4 ሳምንት ቆሞ የኤች ፓይሎሪ ምርመራው ይደገማል። ክሮንስ ላይኛው ክፍል ላይ ብቻውን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ አንጀትን ማየት) ተደርጎ የትንሹ አንጀት መጨረሻም ይታይ።

ችግር፦ ወረቀቱ "ግራኑሎማ ታይቷል" ይላል።

እዚህ ላይ መቸኮል አደጋ አለው። ግራኑሎማ የመከላከያ ሴሎች ክምችት ነው። ክሮንስም ቲቢም ያመጡታል። የክሮንሱ አነስ ያለ፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። የቲቢው ተለቅ ያለና እርስ በርሱ የተያያዘ ሲሆን፣ መሃሉ እንደ አይብ ይፈርሳል። ክፋቱ፣ ቲቢ ሆኖም መሃሉ ያልፈረሰ ናሙና ሊወጣ ይችላል። ቲቢ በበዛበት አገር ደግሞ ይህ ተራ ጥርጣሬ አይደለም።

መፍትሄ፦ ናሙናው የቲቢ ባክቴሪያን በሚያሳየው በዚል ኒልሰን ቀለምና ዘረመሉን በሚፈልገው በጂን ኤክስፐርት ይመርመር፣ የደረት ራጅም ይነሳ። ጂን ኤክስፐርት "የለም" ቢል እንኳ የአንጀት ቲቢ አይሰረዝም። ቲቢው ሳይጣራ ለክሮንስ የሚሰጠው፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመው ፕሬድኒሶሎን ከተጀመረ በሽታው ሊስፋፋ ይችላል። በእኔ እምነት ሐኪሙን "ቲቢ ተጣርቷል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ችግር፦ ክሮንስ ተጠርጥሮ ግራኑሎማ አልተገኘም።

ይህ የተለመደ ነው። በሽታው ቦታ እየዘለለ ይይዛል፤ መቆንጠጫው ደግሞ የሚወስደው ከላይኛው ሽፋን ሚሊሜትሮችን ነው።

መፍትሄ፦ ኢንዶስኮፒውን ከመድገም በፊት ፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም) ከፓራፊን ብሎኩ፣ ማለትም ናሙናው በሰም ከተቀመጠበት፣ ጠለቅ ያሉ ቁራጮችን ማየት ይችላል። ሌላ ሐኪም ጋ ከሄዳችሁ ስላይዱንና ብሎኩን ጠይቁ፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ከተደገመም ጤነኛ ከሚመስለው ቦታ ጭምር ይወሰድ፣ የየቦታው ናሙና በየብልቃጡ ይለይ። መጠየቂያ ቅጹ ላይ የምትወስዱት መድኃኒት መጻፉን አረጋግጡ። ባዶ ቅጽ ለደረሰው ፓቶሎጂስት ሥራው ግምት ይሆንበታል።

ትናንት የበሉት ምግብ እየወጣ የሚያስመልስ ከሆነ መተላለፊያው ጠቦ ሊሆን ይችላል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደም አለ ማለት ሊሆን ይችላል። በሁለቱም የባዮፕሲ ውጤት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይኬዳል።